23 ዓሣ ይዤ ወጥቼ 6 ይዤ ገባሁ

አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። «አዲስ የሲሚንቶ ኩሬ ውስጥ ዓሣ አታስገባ» ያለኝ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ 17 ጎልድፊሽ ጓሮ አልቀብርም ነበር።

ጫጩቶቹ የተፈለፈሉት ሳሎን ባለው አኳሪየም ነው። ጎልድፊሽ የገዛ እንቁላሉን ስለሚበላ ወላጆቹን ቶሎ ለየሁ። መጀመሪያ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጥቂቱ፣ ቀጥሎ የደቀቀ የዓሣ ምግብ። በአምስት ወራቸው ግማሽ ጣት አከሉ። አብዛኞቹ ገና ግራጫ ነበሩ፤ ወርቅማ ቀለሙ የሚመጣው እያደጉ ሲሄዱ ነው። አኳሪየሙ ጠበባቸው። ግቢ ውስጥ ኩሬ ላሠራ ወሰንኩ።

በብሎኬት ተሠራ፣ ተለሰነ፣ ሊሾ ተደረገ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ጥልቀቱ 70 ሳንቲ። አራት ቀን ፈጀ።

ግንበኛው ሲጨርስ «ሰባት ቀን ውሃ አጠጣው፣ ከዚያ በቃ» አለኝ። ስለ ሲሚንቶው ልክ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይጠነክራል። ስለ ዓሣ ግን እሱን ምን አስጠየቀኝ? ዓሣ የሸጠልኝ ልጅም በሙሉ ልብ «ውሃውን ሁለት ቀን ክፍቱን ተወው፣ ክሎሪኑ ይተናል። ፌስታሉን 15 ደቂቃ አንሳፍና ልቀቃቸው» አለኝ። ኩሬው ከምን እንደተሠራ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

የካቲት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ሃያ ሦስቱንም ለቀቅኩ። ሃያ ሦስቱንም! ይሄ የራሴ ጅልነት ነው።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይሉ ነበር። ልጄ ከኩሬው ዳር አልነሳም አለች። ስምንት ሰዓት ገደማ አንዱ ግድግዳውን ሲታከክ አየሁ። ሌሎቹም ተከተሉት። ክንፋቸውን ሰብስበው ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሰውነታቸው ላይ ነጭ ነገር እንደ ስስ ጨርቅ ይላጣል። ብርዱ ነው አልኩ። ክሎሪኑ ነው አልኩ። የጎረቤትን ድመት ሳይቀር ጠረጠርኩ። ሲመሽ ሰባቱ ሞተው ነበር።

ነገሩን ያወቀችው እናቴ ናት። የሞቱትን ልታወጣ እጇን ከተተችና ጣቶቿን አሻሸች። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ውሃ ኦሞ አለው እንዴ? ያሙለጨልጫል» አለች።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከአኳሪየሙ ጋር የገዛኋቸው የፒኤች መለኪያ ወረቀቶች፣ ውሃው አሲድ ይሁን አልካሊ የሚያሳዩት፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሳይከፈቱ። አንዷን ነከርኩ። ቀለሟ ሠንጠረዡ ላይ ካለው ከመጨረሻው፣ ከ9 አለፈ። አዲስ ሲሚንቶ ኖራውን ወደ ውሃው ይለቃል፣ ውሃውም የዓሣውን ቆዳና ስንጥብ ያቃጥላል። ጎልድፊሽ የሚመቸው ከ6.5 እስከ 8.5 ባለው ነው። የተረፉትን በሻይ ማጥለያ እየጠለፍኩ፣ የአኳሪየም ውሃ ወዳለበት ሳፋ አዞርኩ። እስኪነጋ የቆዩት ስድስት ናቸው።

ከዚያ የውሃ ጣጣ መጣ። ኩሬው ከ1,600 ሊትር በላይ ይይዛል፣ የሰፈራችን ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው። ሊሾውን በአቼቶ እየፈተግኩ፣ እየሞላሁ፣ ሳምንት እያቆየሁ አራት ጊዜ ደፋሁ። ከሮቶው በቀዳሁ ቁጥር እናቴ «ለሰው ነው ለዓሣ?» ትላለች። መልስ አልነበረኝም። በአራተኛው ወረቀቷ 8 ላይ ቆመች። ሦስት ቀን ጠብቄ ደግሜ ለካሁ፣ አልተነሳም።

ስለዚህ የሲሚንቶ ኩሬ ያሠራችሁ፣ ሰባት ቀን የሚላችሁን አትስሙ። ወር ተኩል ያዙ። ከቸኮላችሁ ሲሚንቶውን ትታችሁ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፤ እኔ እንደገና ብጀምር እንደዚያ ነው የማደርገው። 15 ደቂቃ የሚባለውም አያሳምነኝም። ፌስታሉን ማንሳፈፍ ሙቀቱን ያስተካክላል እንጂ ውሃውን አያላምድም። ሁለተኛ ጊዜ ባልዲ ውስጥ አድርጌያቸው፣ በየአምስት ደቂቃው አንድ ሲኒ የኩሬ ውሃ እየጨመርኩ አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ። ወደ ኩሬው የገቡትም መጀመሪያ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አራቱ ሳምንት ጠበቁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት። የአዲስ አበባን የሌሊት ብርድ ትልቅ ጎልድፊሽ ይችለዋል፤ ከሞቀ ሳሎን ድንገት የወጣ ጫጩት ግን ይደነግጣል።

ስድስቱም አሁን ኩሬው ውስጥ ናቸው። አምስቱ ወርቅማ ሆነዋል። አንዱ ዓመት አልፎትም ግራጫ ነው። ልጄ «ሲሚንቶ» ብላ ነው የምትጠራው።