ዲፈረንሻል ተቀይሮ የፈረስ ጉልበት ለምን ይወርዳል?

ታናሽ ወንድሜ ዱባይ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሰሞኑን በቴሌግራም ሁለት የዳይኖ (የመኪናን ጉልበት የሚለካ ማሽን) ወረቀት ላከልኝ። መኪናው ያው፣ ሞተሩ ያው፤ የተቀየረው የዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ኃይል ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ጥርስ ብቻ። «አያ፣ የፈረስ ጉልበቱ ወረደብኝ እኮ! ባለመኪናው ምን ልበለው?» ይላል።

እኔም እዚህ ባሕር ዳር የሂሉክሴን ዲፈረንሻል ስላስቀየርኩ ነገሩ ይመለከተኛል። የድሮው ትልቁ ጥርስ 41፣ ትንሹ 10 ነበር፤ ሬሾው (ትልቁ ለትንሹ ሲካፈል) 4.1 ማለት ነው። አዲሱ 41 ለ9 ነው፤ 4.56 ገደማ። ሞተሩ 200 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) ቢሰጥ፣ ካምቢዮው የሞተሩን ዙር ሳይቀይር በሚያሳልፍበት አራተኛ ማርሽ ላይ ጎማው ጋ በፊት 820 ይደርስ ነበር፤ አሁን 911። ሲሚንቶ ጭኜ የቤዛዊትን ዳገት ስወጣ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታወቃል። ግን በነጻ አይደለም። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው አሁን 87 ነው። በቶርክ ያገኘሁትን በፍጥነት ከፈልኩት። የፈረስ ጉልበቱ በፊትም 85፣ አሁንም 85።

ታዲያ ወረቀቱ ላይ ለምን ወረደ? የወንድሜ ማሽን ጎማው የሚያሽከረክረው ከባድ ከበሮ አለው። ጉልበቱን የሚያሰላው ከበሮው ምን ያህል ቶሎ እንደፈጠነ አይቶ ነው። አዲሱ ጥርስ ሲገባ ሞተሩ ዙር ቶሎ ይወጣል። ቮላኖውንና ክራንኩን (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩትን ከባድ ብረቶች) በዚያ ጥድፊያ ማፍጠን ራሱ ጉልበት ይበላል። የተበላው ከበሮው ጋ አይደርስም፤ ማሽኑ ደግሞ የደረሰውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ጎማው ከተንሸራተተማ ቁጥሩን እርሱት።

ቶርኩ ግን ወረቀቱ ላይ ጨምሯል! ይሄኛው ሌላ ጣጣ ነው። ማሽኑ ዙሩን ከከበሮው ፍጥነት ተነሥቶ የሚያሰላ ከሆነና የድሮው ሬሾ ካልተቀየረለት፣ ዙሩን አሳንሶ ቶርኩን 11 በመቶ ገደማ ያጋንናል። «አዲሱን አስገብተሃል?» አልኩት። ዝም።

በነገራችን ላይ የዱባይን ቁጥር ከእኛ ጋር አታወዳድሩ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በአየሩ መሳሳት ብቻ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። ይህን የትኛውም ዲፈረንሻል አይመልሰውም።

ሬሾውን ለማወቅ ሻጭ መጠየቅ አያስፈልግም። ሌሎቹን ጎማዎች በደንብ ታኮ አድርጉና አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሡ። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ጎማውን ሁለት ዙር ስታዞሩ ዘንጉ አራት ዙር ሞልቶ ትንሽ ካለፈ 4.1 ነው፤ አራት ተኩል ከሞላ የእኔው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ ዓይነቱ አሮጌ ሂሉክስ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ የሚነሣው ከካምቢዮ በኩል ነው። አሁን 100 ሲል እውነቱ 90 ነው። ጓደኞቼ «ነዳጅ ቆጣቢ ሆነ» ይሉኛል። ቆጣሪውን እስካሠራው ድረስ አላርማቸውም።