መደርደሪያችሁን አንድ ዓይነት መጽሐፍ ከሞላው

በመጨረሻ ያነበባችኋቸውን 10 መጻሕፍት ወረቀት ላይ ደርድሩ። ከእያንዳንዱ ርዕስ ጎን ሁለት ነገር ጻፉ፤ መጽሐፉ ምን ዓይነት እንደሆነና ከየት እንዳገኛችሁት። አብዛኛው አንባቢ «ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ» ባይ ነው፤ ወረቀቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። አንዱ ከባለሥልጣናት ግለ ታሪክ አልወጣም። ሌላው ዓመቱን ሙሉ የተተረጎመ ሥነ ልቦና ሲያገላብጥ ኖሯል። ሌላዋ ከልብ ወለድ ውጪ የጨረሰችው መጽሐፍ የለም። ምክንያቱ «ከየት» የሚለው ዓምድ ላይ ነው፤ መጻሕፍቱ የገቡት በአንድ በር ነው።

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ የሚገኝባቸው በሮች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ በርም የራሱ ዓይነት መጽሐፍ አለው። አዟሪ የሚሸከመው ቶሎ የሚሸጥለትን ነው። ጓደኛ የሚያውሰው ራሱ የወደደውን ነው። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ሰው ሁሉ የሚያወራለት ነው። ስለዚህ ንባቡን ማስፋት የፈለገ ሰው ራሱን በከባድ መጽሐፍ ከሚያስጨንቅ በር ቢለውጥ ይቀለዋል።

ወረቀቱን ስትሞሉ «ልብ ወለድ» እና «ኢ-ልብ ወለድ» ብላችሁ አትለፉት። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. ሮም ሲታተም ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ «ጦቢያ» የሚለው ስም የጸናለት ኋላ ነው። ልብ ወለድ እንዲህ ከመነሻው የራሱ ስም አለው። «ኢ-ልብ ወለድ» ግን ያልሆነውን እንጂ የሆነውን አይነግረንም። ታሪክ፣ ግለ ታሪክ፣ የጉዞ ማስታወሻ፣ ወግ፣ ሥነ ቃል፣ ሕግ፣ ግብርና፣ ሕክምና፣ ሥነ ፈለክ ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ገብተዋል። ሁለት ግለ ታሪክ ያነበበ ሰው «ኢ-ልብ ወለድ አነባለሁ» ሲል ከከረጢቱ አንድ ጥግ ብቻ ነክቷል። በልብ ወለድም በኩል አጭሩን፣ ረጅሙን፣ ታሪካዊውን፣ የስለላውንና የወንጀሉን ለይታችሁ ጻፉ። ግጥምና ተውኔት የየራሳቸው መስመር ይሰጣቸው። የጎደላችሁ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ይሄኔ ነው።

ከአዟሪው እንጀምር። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በብሔራዊ ቴአትርና በስታዲየም ዙሪያ ቡና የሚጠጣ ሰው አዟሪ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገውም፤ ቁልሉን በክንዱ ደግፎ እርሱ ይመጣል። ክንዱ ላይ ያለው ግን ያለው ሁሉ አይደለም። አንድ ሰው የሚሸከመው ክብደት የተወሰነ ስለሆነ የሚመርጠው በዚያ ሳምንት የሚጠየቀውን ነው። «ዛሬ ያልያዝከው ምን አለ፣ ወንድሜ?» ብሎ መጠየቅ ከቁልሉ በላይ ይከፍታል። የምትፈልጉትን ደግሞ በቃል አትንገሩት። ርዕሱን፣ የደራሲውን ስም ከነአባቱ፣ የታተመበትን ዓመትና ስንተኛ እትም እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ተመሳሳይ ርዕስ ያላቸው መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም፤ በቃል የተነገረ ርዕስ ሌላ መጽሐፍ ይዞ ይመለሳል። ዋጋ ስትነጋገሩ የጀርባ ሽፋኑን እዩ፤ የታተመው ዋጋ ላይ ሌላ የተለጠፈ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። እትሙ ያለቀ መጽሐፍ ከሽፋን ዋጋው በላይ ቢጠየቅበት አይገርምም፤ ገና ከማተሚያ ቤት የወጣ ከሆነ ግን የሚያስኬድ ምክንያት የለም።

ፒያሳና አራት ኪሎ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ብዙ ስለተለወጡ የድሮ አቅጣጫ ይዛችሁ አትውጡ። ሱቅ ሲነሳ ወዴት እንደሄደ የሚያውቁት አዟሪዎች ናቸው፤ እነርሱን ጠይቁ።

ለሚሰፋ ንባብ ከሁሉ የምመክረው ግን ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡበትን መደብ ነው፤ በለገሃርና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ፈልጉት። እዚያ መጽሐፍ የሚመጣው ገበያ ስለጠየቀው አይደለም፤ አንድ ሰው ቤት ስለለቀቀ፣ ስለሞተ ወይም ጥናቱን ስለጨረሰ ነው። ስለዚህ ማንም ዛሬ የማያሳትመውን ዓይነት ታገኛላችሁ። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያወጣቸው ልብ ወለዶችና ትርጉሞች፣ ሞስኮ ውስጥ በፕሮግረስ አሳታሚ በአማርኛ የታተሙ መጻሕፍት፣ «መነን» እና «የካቲት» መጽሔቶች፣ የአፈርና የከብት እርባታ መማሪያዎች ጎን ለጎን ይተኛሉ። ቁልሉን ከላይ ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ሻጩ በቀላሉ የሚሸጠውን ከላይ ያደርጋል፤ ሳይንሱ፣ ሕጉና ተውኔቱ ከታች ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት የምትመረምሩት ይህን ነው። መጽሐፍ ሲታተም ብዙ ገጾች በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ይወጡና ወረቀቱ ይታጠፋል፤ አንዱ እጥፋት አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ ነው። መጽሐፍ ሲጎድልም አንድ ገጽ ሳይሆን እጥፋቱ በሙሉ ይጎድላል፤ ወይም ያው እጥፋት ሁለት ጊዜ ይገባል፤ ወይም ተገልብጦ ይጠረዛል። እንግዲህ ከ16 ወደ 17፣ ከ32 ወደ 33፣ ከ48 ወደ 49፣ ከ64 ወደ 65 ሲያልፍ ቁጥሩ መቀጠሉን እያያችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። የፊት ገጾች ለብቻ ከተቆጠሩ መጋጠሚያው በጥቂት ገጽ ፈቀቅ ይላል። ይህ ምርመራ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ልብ ወለድ ከሆነ በተለይ የመጨረሻው ቅጠል መኖሩን አረጋግጡ፤ ሽፋኑ ሲላቀቅ አብሮ የሚሄደው እርሱ ነው። ቀጥሎ መጽሐፉን ከወገቡ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ አሮጌ መጽሐፍ ሙጫው ደርቆ ከጮኸ ቤት ደርሶ ይበታተናል፤ በክር የተሰፋ ከሆነ ግን ሽፋኑ ቢነሳም ሆዱ ይጸናል። በመጨረሻ አሽቱት። የሻጋታ ሽታ ያለውን ከሌሎች መጻሕፍት ጋር አትደርድሩት፤ ሻጋታ ይዛመታል። እርጥበቱ ቀላል ከሆነ በየ20 ገጹ ነጭ ወረቀት ጣልቃ እያስገባችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ለሁለትና ሦስት ቀን አቁሙት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ወረቀቱን ያጎብጠዋል፣ ሙጫውንም ያደርቀዋል።

አዲስ መሳይ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ቅጂ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። የፊደሉ ጠርዝ የሟሸሸ፣ ፎቶግራፉ ጥቁር ጭቃ የሆነ፣ ኅዳጉ በአንድ በኩል የጠበበ፣ የሽፋኑ ቀለም የደበዘዘ ከሆነ ኮፒ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ከሕጉም ባሻገር፣ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ቀጣዩን መጽሐፍ የሚያሳትመው በአብዛኛው በዚህኛው ሽያጭ ነው። ዓይነቱ የበዛ መደርደሪያ የምንፈልግ ከሆነ ብዙ ገዢ የሌለው ዓይነት ጸሐፊም መኖር አለበት፤ ኮፒ ቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ እርሱን ነው።

ትርጉም የሌላውን ዓለም ልብ ወለድም ሳይንስም በአንድ ጊዜ የሚያስገባ ሰፊ በር ነው፤ የሚያሳስተውም ያንኑ ያህል ነው። ሽፋኑን ትታችሁ የመብት ገጹን ክፈቱ። የዋናው መጽሐፍ ርዕስ፣ የደራሲው ሙሉ ስም፣ የመጀመሪያው ኅትመት ዓመትና የተተረጎመበት ቋንቋ ተጽፏል? የሩሲያ ወይም የፈረንሳይ ሥራ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ብቻውን ነውር አይደለም፣ ተርጓሚው ከነገረን። «ውርስ ትርጉም» የሚል ካያችሁ ቦታና ስም ወደ እኛ አገር ተዛምዶ ሊሆን እንደሚችል ጠብቁ። ትልቁ ችግር ሳይነገር የተቆረጠ መጽሐፍ ነው። የምዕራፎቹን ብዛት ከዋናው ጋር አስተያዩ፤ 30 ምዕራፍ የነበረው 14 ሆኖ ከመጣ የያዛችሁት ማጠቃለያ ነው። ሌላው ምልክት የስም አጻጻፍ ነው። አንዱ ሰው በገጽ 12 «ሚካኤል»፣ በገጽ 90 «ማይክል» ከሆነ መጽሐፉ በችኮላ ወይም በብዙ እጅ ተተርጉሟል፤ ቁጥርና ሳይንሳዊ ቃል ላይም አትመኑት።

ወደ ቤተ መጻሕፍት ስንመጣ፣ ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 አገር ውስጥ የሚታተም ሥራ ቅጂው እንዲገባለት ስለሚያዝ፣ ከገበያ የጠፋ የአማርኛ መጽሐፍ ሲያስቸግራችሁ የመጀመሪያው መጠየቂያ እርሱ ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ነው። ስለ ኢትዮጵያ በውጭ ቋንቋዎች የተጻፈውን የሚፈልግ ሰው ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ግቢ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይሂድ። መታወቂያ ያዙ።

በኮምፒውተር ማውጫ ሲፈልጉ ብዙዎች «የለም» ብለው የሚመለሱት በፊደል ምክንያት ነው። እኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ የሚሉትን በድምፅ አንለይም፤ ማሽኑ ግን ይለያል። «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ የተመዘገበውን «ስነ ፅሁፍ» ብላችሁ ብትፈልጉ አይወጣም። መፍትሔው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ከሌሉበት አንድ ቃል መጀመር ነው፤ «የዓለም ብርሃን ማኅደር» ከሚል ርዕስ ውስጥ አስተማማኝ ቃል የለም ማለት ይቻላል፣ «የገበሬው ልጅ» ከሚለው ግን «ገበሬው» ይበቃል። አስቸጋሪ ከሆነ በደራሲው ስም ፈልጉ፤ እዚህም በአገር ቤት ማውጫ በራሱ ስም፣ በውጭ አገር ማውጫ ብዙ ጊዜ በአባቱ ስም እንደሚደረደር አትርሱ።

መደርደሪያው ለአንባቢ ክፍት በሆነበትና በዲዊ ቁጥር፣ ማለትም መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳይ በሚመድበው የቁጥር ሥርዓት፣ በተደራጀበት ቤት ደግሞ ማውጫውን ትታችሁ በቁጥር ተጓዙ። 398 ሥነ ቃል ነው፤ 340 ሕግ፤ 520 ሥነ ፈለክ፤ 630 ግብርና፤ 910 ጉዞ፤ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ። በወረቀታችሁ ላይ ባዶ የሆነውን ቁጥር መርጣችሁ ሦስት መጽሐፍ አውርዱ፤ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ስጡት። ማውጫውን፣ መግቢያውንና ከመካከል አሥር ገጽ አንብቡ። ከሦስቱ አንዱ ካልያዛችሁ ቁጥሩን ለውጡ።

የመጽሐፍ ምርቃት ላይ ብዙም አልቆይም። በወመዘክር አዳራሽ፣ በብሔራዊ ቴአትርና በሀገር ፍቅር ሲኖር ሂዱ፤ ከምስጋናው ይልቅ ገጽ እየጠቀሰ የሚናገረውን ሐያሲ ስሙ።

አዲስ ዓይነት ሲሞክሩ ዘሎ መግባት ይከብዳል፤ ርዕሰ ጉዳዩን ሳይለቁ ዓይነቱን መለወጥ ግን ቀላል ነው። የ1966ቱን አብዮት የሚመለከት ልብ ወለድ የጨረሰ ሰው በዚያው ዘመን ከአንድ ድርጅት ውስጥ የነበረን ሰው ግለ ታሪክ ይውሰድ፣ ከዚያ ከተቃራኒው ወገን የነበረውን፣ ከዚያ የታሪክ ምሁር የጻፈውን፣ በመጨረሻ የዘመኑን መጽሔት። አምስት ጽሑፍ፣ አራት ዓይነት አነበበ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ዓመተ ምሕረት እንዳያጋጫችሁ ተጠንቀቁ፤ በኢትዮጵያና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ሁለት ጸሐፊዎች የተጣሉ የሚመስለው አንዳንዴ ሁሉንም በ8 ስለቀነስን ነው። ሌላ መንገድ ልጨምር፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ያዩትን ጽፈዋል። ከዚያ የጉዞ ማስታወሻ ወደ ጃፓን ታሪክ፣ ከታሪኩ ወደ ተተረጎመ የጃፓን አጭር ልብ ወለድ መሻገር አንድ አንድ እርምጃ ነው።

መተውም ይፈቀዳል። ለረጅም ልብ ወለድ 50 ገጽ፣ ለታሪክና ለሳይንስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስጡና ካልሄደ አቁሙ፤ ያቆማችሁበትን ገጽና ምክንያቱን ግን ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ «አሰልቺ» ሳይሆን «ቃላቱ ከበዱኝ» ወይም «ሰዎቹ በዙብኝ» ብላችሁ። የመጀመሪያው የቃላት መፍቻ ያለው መጽሐፍ ፈልጉ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከረጅሙ በፊት አጭሩን አስቀድሙ ማለት ነው። ግጥም ግን በዚህ አይለካም። ከመካከሉ ክፈቱት፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ሦስት ግጥም አንብባችሁ አንዱን ለመድገም ካልፈለጋችሁ መልሱትና ቀጣዩን ቁልል አገላብጡ።