ፓምፑ አልተበላሸም

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ። ፓምፑ በየአምስት ሰከንዱ ይነሳል፣ ይጠፋል። ባለቤቱ "አዲስ እንግዛ" ብለው ቆርጠዋል። ኧረ ይቆዩ ጋሼ! እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው ከጎኑ ያለው የግፊት ታንከር ነው፤ ውስጡ ያለው አየር ሲያንስ ፓምፑ እንዲህ ይቆራረጣል።

ብሬከሩን አጥፉ። ቧንቧ ከፍታችሁ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ዜሮ እስኪደርስ ውሃውን ልቀቁ። ከዚያ የታንከሩን የአየር ቫልቭ ክዳን ፍቱና በመኪና ጎማ መለኪያ ለኩ። ፓምፑ የሚነሳው በ2 ባር ከሆነ አየሩ 1.8 ገደማ መሆን አለበት። ካነሰ በጎማ መንፊያ ሙሉት። ከቫልቩ ውሃ ከወጣ ግን የውስጡ ጎማ ተቀዷል፤ በብዙዎቹ ታንከሮች እሱ ብቻ ይቀየራል። ውሃውን ሳይለቅ የለካ ሰው የሚያነበው የውሃውን ግፊት ስለሆነ "አየር አለው" ብሎ ይሄዳል። ብዙው ስህተት እዚህ ጋ ነው።

የድሬ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የምታዩትን ነጭ ቅርፊት ፓምፑን የሚያስነሳውና የሚያጠፋው የግፊት ማብሪያ ቀጭን ቱቦ ውስጥም ይጋግራል። ቱቦውን ፈታችሁ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፉት። የቦይለር ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ቶሎ ቶሎ የሚቃጠለውም በዚሁ ጣጣ ነው።

"ከቴክኒሻንነት ወደ ኃላፊነት እንዴት ልደግ?" ለምትሉ ልጆች፦ ከሰርተፍኬቱ በፊት ደብተር ያዙ። ቀን፣ ዕቃ፣ የተለካው፣ የተቀየረው፣ ዋጋው። በጀት የሚያስፈቅደው እሱ ነው። የዛሬው መስመር፦ "ታንከር፣ አየር 0.4፣ ወደ 1.8 ተሞላ፣ ከ15 ቀን በኋላ ይለካ።"