በዘመነ ዮሐንስ

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ በመሥሪያ ቤቴ አንድ ሥራ ተሰጠኝ። የከተማችን የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሊታደስ ስለነበር፣ ከዚያ በፊት በግቢው ያሉትን መቃብሮች አንድ በአንድ እንድመዘግብ፣ ያረፉት ሰዎች እነማን እንደነበሩና ምን ሠርተው እንዳለፉ እንዳጣራ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በሁለት ወር እጨርሳለሁ ብዬ ጀመርኩ።

የመንግሥት መዝገብ የሚባል አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ሞት እንዲመዘገብ ቢደነግግም፣ ያ ክፍሉ ሥራ ላይ ሳይውል ዘመናት አለፉ፤ አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የነበረኝ ድንጋዩ፣ የሽማግሌዎች ትዝታና የአንድ አንጋፋ እድር ደብተር ነው። ደብተሩ ሀብት ነበር። ማን መቼ እንደተቀበረ፣ ለንፍሮ ስንት ብር እንደወጣ፣ ቀብር ያልወጣ አባል ስንት እንደተቀጣ ሳይቀር ተጽፎበታል።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አንዲት እናት ከአዲስ አበባ መጡ። እናታቸው የሞቱት እሳቸው የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው፤ ያሳደጓቸው አክስታቸው ናቸው። «ልጄ፣ የእናቴን መቃብር ፈልግልኝ፤ በ56 ነው የሞተችው» አሉና ስማቸውን ነገሩኝ። ዝርዝሬን ከላይ እስከ ታች አየሁ። በዚያ ስም የተቀበረ የለም፤ በ1956 የተቀበረች ሴትም የለችም።

«እናቴ፣ እዚህ አልተቀበሩም» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ያን ያህል በእርግጠኝነት መናገሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የእድሩን ደብተር መልሼ ያገላበጥኩት እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። በባልየው ስም ሥር «ባለቤቱ» ተብለው ተጽፈዋል፤ ለቀብራቸው ብር የወጣው ጥቅምት 13 ቀን 1956 ነው። እዚሁ ተቀብረዋል ማለት ነው። ታዲያ መቃብሩ የት ገባ?

መሪጌታውን ይዤ ግቢውን ዞርኩ። ከትልቁ ጽድ ሥር «ወለተ» ብሎ በሚጀምር የክርስትና ስም የተጻፈ ድንጋይ አለ። እኔ «ዘመድ ያልተገኘላት፣ 1951» ብዬ መዝግቤዋለሁ። ቀኑ ጥቅምት 12 ይላል፣ ቀጥሎ ፲፱፻፶ በግልጽ ይነበባል፤ የመጨረሻው አኃዝ ግን ግማሹ ተፈርፍሯል። ፩ መስሎኝ ነበር። መሪጌታው ጎንበስ ብለው ከታች ያለውን መስመር በመዳፋቸው ጠረጉና አነበቡልኝ፦ «በዘመነ ዮሐንስ»። ስመዘግብ አይቼዋለሁ፤ የተለመደ ማሳረጊያ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

«አስላው እንጂ!» አሉኝ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረህ ለአራት ታካፍላለህ። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1951 ሲደመር 7451 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ሉቃስ ነው። እኔ የጻፍኩት ዓመት ከድንጋዩ ጋር አይገጥምም። በሃምሳዎቹ ውስጥ ዘመነ ዮሐንስ የዋለው በ1952 እና በ1956 ብቻ ነው።

እዚያው ሆኜ ስልክ ደወልኩ። «የእናትዎ የክርስትና ስም ማን ነበር?» አልኳቸው። ሳያመነቱ ነገሩኝ። አክስታቸው በየዓመቱ ጥቅምት 12 ለጸሎት የሚያስጽፉት ስም ነው። ድንጋዩ ላይ ያለው ስም። ቢሮዬ ቁጭ ብለው ሳሉ ይህን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኳቸውም።

ዝርዝሩን እንደ አዲስ ጀመርኩት። ለክርስትና ስምና ለዓለም ስም የየራሳቸው ዓምድ አበጀሁ፤ ያልተነበበ አኃዝ ባለበት ደግሞ ግምቴን መጻፍ ትቼ ባዶ ቦታ ተውኩ፣ ከጎኑም ወንጌላዊውን ጻፍኩ። ሁለት ወር ያልኩት ሥራ ሰባት ወር ፈጀ። የዓለም ስማቸው ከታወቀ በኋላ ግን የሽማግሌዎቹም አፍ ተፈታ። አንድ የድሮ ሸማኔ፣ «እሷ የፈተለችውን ድር ማን ይበጥሰዋል!» አሉኝ፤ በቅዳሜ ገበያ ጥጥ ይገዙ የነበረበትን ቦታ ሳይቀር ወስደው አሳዩኝ።

ልጃቸው በሳምንቱ ጧፍ ይዘው መጡ። ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። የተፈረፈረው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመና ቀና ብለው አዩኝ።

«ስድስት ነው፣ እናቴ» አልኳቸው።