ውሃ በማይጠጣ መኪና ዳገት ወጣሁ

በአሮጌ መኪና ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ጉዞው የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። የኔዋ እ.ኤ.አ. የ1968 ስሪት ቮልስ 1300 ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ውሃ ሳይሆን የማራገቢያ ነፋስ ነው። ጉልበቷ 40 ፈረስ ነው፤ ከዚያ በላይ አልጠይቃትም። ያሰብኩት መንገድ ደግሞ ተራራ ወጥቶ ወዲያ ማዶ የሚወርድ ነው። ስለዚህ ከሻንጣው በፊት ጎማዎቹን አየሁ። ጎማ በጥርሱ ብቻ አይፈረድም። ብዙ የማይነዳ መኪና ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ማንበብ ነው፤ 3622 የሚል ካለ እ.ኤ.አ. በ2022፣ በ36ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። የፍሬን ዘይቱን ቀድሜ ቀይሬዋለሁ። ምክንያቱን ቁልቁለቱ ላይ እነግራችኋለሁ።

ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። የቫልቭ፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚያስገባው፣ ጭስም የሚያስወጣው የሞተሩ በር፣ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ነዋ። የኔ ሞተር የሚፈልገው ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ነው። የቮልስ ሰዎች ሦስተኛዋን ሲሊንደር በተለየ ዓይን ያዩዋታል። በዚያ ዘመን ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው የማራገቢያው ነፋስ ወደሷ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። የሚደርሳት አየር ስለሚቀንስ ከሌሎቹ ይበልጥ ትሞቃለች፤ የጭስ ማውጫ ቫልቯም ቶሎ ይጎዳል። ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት ስለማያገኝም ይቃጠላል። ክፍተቱ ሰፋ ሲል ደግሞ ቲክ ቲክ ይላል። ጭራሽ ዝም ካለ ሞተር ትንሽ ቲክ ቲክ የሚል ይሻለኛል።

ሜዳው ላይ ስለነበረው መንገድ የምለው ብዙ የለም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ ሁሉም ሰው አለፈኝ። ግማሾቹ ክላክስ እያደረጉ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ነዳጅ ስቀዳ እንደተለመደው «ይሸጣል?» ተባልኩ። አይሸጥም።

ዳገቱ ሲጀምር ጆሮዬ ሥራ ያዘ። በአሮጌ መኪና ሬዲዮ የማልከፍተው ለዚህ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። አዲስ መኪና ቤንዚኑን በኮምፒውተር ይመጥናል፤ በአሮጌ መኪና ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ታች ባስተካከሉት ልክ መስጠቱን ይቀጥላል። ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። መፍትሔው ቤንዚን መርገጥ ሳይሆን ማርሽ መቀነስ ነው። ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ማራገቢያውም አብሮ ይፈጥናል፣ ይቀዘቅዛል። በከፍተኛ ማርሽ እያንገጫገጩ ዳገት ማስወጣት ለዚህ ሞተር ግፍ ነው።

ወደ ጫፉ ስንቃረብ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ መብራት ቦግ አለች። ይህች መብራት ባትሪ የሚሞላው የዲናሞ ናት። በሌላ መኪና ብትበራ «ባትሪው እስኪያልቅ ልድረስ» ብሎ መንዳት ይቻል ይሆናል። በቮልስ ግን ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ማራገቢያውንም የሚያዞረው ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነገር የለም። ወዲያው ዳር ይዤ አጠፋሁት። የኋላ ክዳኑን ስከፍት ቺንጋው ለሁለት ተበጥሶ ወድቋል።

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቆመልኝ፤ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነው። «አንተ ልጅ፣ ራዲያተሩ ደርቆብህ ነው? ውሃ ልስጥህ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ ውሃ አትጠጣም እኮ» አልኩት።

ሳቀና ወርዶ መጣ። ሥራውን ቆሞ አየ፣ ካቻቢቴውንም ያዘልኝ። ሥራው እንዲህ ነው። ቺንጋው የሚዞርበት የዲናሞው ፑሊ ሁለት ግማሽ ሳህን ነው። ከፊተኛው ግማሽ ላይ ያለችው ጎድጎድ ውስጥ ካቻቢቴ ይሰካል፤ ፑሊው እንዳይዞር ማለት ነው። ከዚያ የመሐሉን ብሎን በ21 ቁጥር ቁልፍ መፍታት ነው። በሁለቱ ሳህኖች መሃል ስስ ስስ ሮንዴላዎች ተደርድረዋል። ከመሃል ሲቀነሱ ሳህኖቹ ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይጠብቃል። ሲጨመሩ ይላላል። ከመሃል የወጡት አይጣሉም። ከብሎኑ ሥር፣ ከውጭ በኩል ይቀመጣሉ፤ ነገ የሚፈልጋቸው አለ። መኪናዋን የሠሩት ሰዎች ይህን ሲያስቡ የመንገድ ዳር ሰው በዓይናቸው መጥቶባቸው መሆን አለበት።

አዲሱን ቺንጋ አስገብቼ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ገባ። ልክ ነው። «ይኼው ነው?» አለኝ ሹፌሩ። ይኸው ነበር። ቮልስ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ሲመረት ቆይቶ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። ስለዚህ ቺንጋ፣ ካንዴላና የፍሬን ሸራ አይቸግርም። ዕቃ የጠፋለት አሮጌ መኪና ያላቸው ወዳጆቼ በዚህ በጣም ይቀኑብኛል፤ ልክም ናቸው።

ቁልቁለቱ ግን ከዳገቱ ይልቅ ያሳስበኛል። ዳገት ቢበዛ ያቆምሃል፤ ቁልቁለት ማቆሚያ ያሳጣሃል። የኔዋ ፍሬን በአራቱም ጎማ ከበሮ ነው። ከበሮ ቶሎ ይሞቃል፣ ሲሞቅም መያዝ ይደክመዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ እያደር ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት የገባበት ዘይት ሲግል ይፈላና አረፋ ይሠራል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ የምቀይረው ለዚህ ነው። አነዳዱም ቀላል ነው። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። እኔም ሁለተኛ ማርሽ ይዤ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ ፍሬኑን አለፍ አለፍ እያልኩ ነካ እያደረግኩ ወረድኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት መኪኖች ተናደዋል። ቦታ ሳገኝ ዳር ይዤ አሳለፍኳቸው።

ስደርስ ማርሚታው ገና ቲክ ቲክ እያለ ይቀዘቅዝ ነበር። ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጠብቄ በመለኪያው አየሁት፤ ጥቂት ጎድሏል፣ ጨመርኩለት። ይህ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው፤ ማጣሪያውም ወንፊት እንጂ እንደ ዛሬዎቹ ፊልትሮ የለውም። ጉድለት ቶሎ ይጎዳዋል። አዲስ ቺንጋ መጀመሪያ ላይ ስለሚለጠጥ እሱንም እንደገና ተጫንኩት። ላላ ብሏል። አንዲት ሮንዴላ ከመሃል አውጥቼ ወደ ውጭ አዛወርኩና አጠበቅኩት። ለመልሱ የሚሆን መጠባበቂያ ቺንጋ ፍለጋም ወጣሁ።