ከአላባማ የመጣው እሳት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ትናንት ማታ ችቦ ስንለኩስ አንድ ዛፍ ትዝ አለኝ። ሐምሌ ላይ ከዳላስ ተነስተን ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ያህል ነድተን ቱልሳ፣ ኦክላሆማ ገብተን ነበር። እዚያ መኖሪያ ቤቶች መሀል ባለች ትንሽ መናፈሻ ውስጥ አንድ ያረጀ የኦክ ዛፍ አለ። ታሪኩን ያልሰማ ሰው ዞር ብሎም ሳያየው ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1836 መስኮኪ የሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከአላባማ ግዛት በግድ ተነቀለ። መሬቱ ለሰፋሪዎች ተፈለገና የአሜሪካ ጦር አስወጣው። ብዙ ሰው መንገድ ላይ ቀረ። ሎቻፖካ ከሚባለው መንደር የተረፉት ከዚህ ዛፍ ሥር ደረሱ። ከአገራቸው የሥርዓት እሳት ያመጡትን አመድ አፍስሰው፣ እሳታቸውን እንደገና አነደዱ።

ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ምን ያነሣል? ልጁን፣ ስንቁን፣ ልብሱን። እነሱ አመድ ጨመሩበት። ቱልሳ የሚለው ስም ራሱ አብሯቸው የመጣ ነው፤ «አሮጌ ከተማ» ከሚል የመስኮኪ ቃል ነው የወጣው።

የእነሱ አዲስ ዓመት የሚገባው በበጋቸው፣ የበቆሎ እሸት ሲደርስ ነው። በዓሉ ፖስኪተ ይባላል። ትርጉሙ «መጾም» ነው። የዘንድሮ እሸት ከበዓሉ በፊት አይቀመስም። አሮጌው እሳት ይጠፋና አዲስ ይለኮሳል። የተጣላ ይታረቃል። ሌሊት እሳቱን እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ መሪው ያወጣል፣ ወንዶቹ ይቀበላሉ። ምቱን የሚይዙት ግን ሴቶቹ ናቸው፤ ጠጠር የተሞላ የኤሊ ቅርፊት እግራቸው ላይ አስረው። ቡሄ ጨፍሮ ያደገ ሰው አውጪና ተቀባይ ሲባል ይገባዋል።

«መስኮኪ» ብዬ የጻፍኩት ያለ ነገር አይደለም። መነሻ ድምፁ ከኛ «መ» ጋር በጣም ይቀራረባል። በላቲን ሲጽፉት ያቺን አናባቢ በ«ቪ» ፊደል ነው የሚያመለክቷት፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ያነበባት ሰው መሳቱ አይቀርም። እኛ በፊደላችን ቁጭ እናደርጋታለን። «አመሰግናለሁ» ሲሉ ደግሞ «መቶ» ይላሉ፤ «ቶ»ዋ ትንሽ ወደ «ዶ» ታደላለች። ለልጄ ስነግራት «መቶ ምን?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ዝም ብሎ መቶ ነው፣ ልጄ።

የወር ስሞቻቸውንም ወደድኳቸው። ዲሴምበር «ትልቁ ብርድ» ነው። ጃንዋሪ ደግሞ «የብርድ ታናሽ ወንድም»። እንዲህ ያለ ስም መዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻ ሲቀር ማሰብ ያሳዝነኛል። ስጋቱም የምር ነው። የመስኮኪ ብሔር አባላት 100 ሺህ ያህል ናቸው፤ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩት ግን ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም አዛውንት። አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው በገዛ ቋንቋቸው ስለተናገሩ የተቀጡ ልጆች ነበሩ። እነዚያ ልጆች ወላጅ ሲሆኑ፣ የእነሱ እንዳይገረፉ ብለው ዝም አሉ። ይሄ ዝምታ አንጀቴን ይበላዋል።

ዛሬ ኦክሙልጊ ከተማ ላይ የራሳቸው ኮሌጅ አላቸው፤ ቋንቋው እዚያ ይሰጣል። በየቤቱም አያት አጠገብ ቁጭ ብሎ ቃል በቃል የሚለቅም ወጣት አለ። እኔ እነዚህን ወጣቶች ሳስብ አመዱን ተሸክመው የመጡት ሰዎች ናቸው የሚታዩኝ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ የፕላስቲክ አደይ አበባዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። የበዓሉን ዘፈን በአማርኛ አወጣች። እኔና እናቷ ተቀበልን። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጠፋባትና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ እኛም አብረን ጀመርን።

ዓመቱን ሙሉ አብራችሁኝ ለነበራችሁ ሁሉ፣ መልካም አዲስ ዓመት።

መቶ።