የበራ አምፖል፣ የተሸፈነ ኳርትዝ፦ የቤት ውስጥ ዩቪ ልምድ ማካፈያ

ውሃን በአልትራቫዮሌት (ዩቪ) ብርሃን ከሚያመክነው የቤት መሣሪያ በኋላ የተቀዱት የመጨረሻዎቹ ሦስት የውሃ ናሙናዎች ከኢ. ኮላይም ከሌሎች ኮሊፎርሞችም፣ ማለትም የውሃን መበከል ከሚጠቁሙት ባክቴሪያዎች፣ ነጻ ሆነው ወጥተዋል። ከመሣሪያው በፊት ካለው ቧንቧ በየዚያው ቀን የተቀዱት ሦስቱ ግን ኮሊፎርም ነበረባቸው። ሁለቱን አብሬ የምጠቅሰው በምክንያት ነው፤ የሚገባው ውሃ ቀድሞም ንጹሕ ከሆነ፣ የሚወጣው ንጹሕ መሆኑ ስለ አምፖሉ ምንም አይመሰክርም። ለዚህ ውጤት ያበቃው አዲስ ዕቃ አይደለም፤ አምፖሉን የሚያቅፈው የኳርትዝ ቱቦ ተገቢውን ትኩረት ማግኘቱ ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ የእሱ ነው።

መነሻውን ባጭሩ ልለፈው። በቤት መሣሪያዎች ውስጥ በብዛት ያለው ዝቅተኛ ግፊት የሜርኩሪ አምፖል አብዛኛውን ዩቪ የሚያወጣው በ254 ናኖሜትር ነው። ይህ ብርሃን በጀርሙ ዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ያሉ የታይሚን ክፍሎችን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ጀርሙም መራባት ያቅተዋል። ወዲያው ላይሞት ይችላል፣ ካልተራባ ግን አያሳምምም። «የዩቪ ማጣሪያ» የሚለው አጠራር ብዙ ሰው ያሳስታል። ዩቪ አያጣራም፣ ያመክናል። እርሳስ፣ ናይትሬት፣ አርሰኒክ፣ ፍሎራይድና ጨው እንደገቡ ይወጣሉ።

ውሃው የሚያገኘው የዩቪ መጠን የሚለካው በሚሊጁል በካሬ ሴንቲሜትር ሲሆን የብርሃኑ ብርታትና ውሃው የሚቆይበት ጊዜ ብዜት ነው። ክሎሪንን የሚቋቋመው ተቅማጥ አምጪ ጥገኛ ተሕዋስ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም፣ በዩቪ ፊት ደካማ ነው፤ 99.99 በመቶውን ለማምከን 22 ይበቃል፣ ለጃርዲያም እንዲሁ። አዴኖቫይረስ ግን ለዚያው ውጤት 186 ይጠይቃል። ደህና የሚባሉት የቤት መሣሪያዎች የሚሠሩት ለ40 ነው። ስለዚህ የፍሳሽ ንክኪ የሚጠረጠርበት ምንጭ ካላችሁ ዩቪን ብቻውን አትመኑት፤ ክሎሪን ጨምሩበት።

ጊዜው የሚወሰነው በፍሰቱ ነው። መሣሪያው በደቂቃ ለ8 ሊትር የተሠራ ሆኖ 16 ሊትር ብታሳልፉበት መጠኑ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ፍሰታችሁን ለማወቅ ባልዲና ሰዓት ይበቃል፦ 10 ሊትር በ40 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 15 ሊትር ነው። ቫልቭ በግማሽ በመዝጋት ፍሰት መቀነስን አልመክርም፤ አንድ ሰው ሳያውቅ ይከፍተዋል። ፍሰት የሚገድበውን ትንሽ ዕቃ ከመሣሪያው መግቢያ ላይ አስገቡና ተገላገሉ።

ከፊት የሚቀመጡት ፊልተሮች ቅደም ተከተል ቀላል ነው፦ 20 ማይክሮን፣ ቀጥሎ 5 ማይክሮን፣ ካስፈለገ ከሰል፣ መጨረሻ ላይ ዩቪ። ከሰልን ከዩቪ በኋላ ማድረግ ስህተት ነው፤ ባክቴሪያ ከሰል ውስጥ ይራባል፣ ያመከናችሁትን ውሃ መልሶ ይበክለዋል። ዩቪው ጋ የሚደርሰው ውሃ ድፍርስነቱ ከ1 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ)፣ ብረቱ በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም፣ ማንጋኒዙ ከ0.05፣ ካልሲየምና ማግኒዥየሙ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ ከ120 ሚሊግራም በታች ቢሆን ይመረጣል። እነዚህን ቁጥሮች መመሪያው ላይ አንብቦ ማለፍ ቀላል ነው። እኔም አልፌያቸዋለሁ፤ ኳርትዙ ላይ የታየው ችግር ሁሉ ግን ከእነሱ የመጣ ነው።

ወደ ኳርትዙ እንግባ። አምፖሉ ውሃ አይነካውም፤ በኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል፣ ውሃው በቱቦውና ከማይዝግ ብረት በተሠራው ቀፎ መካከል ያልፋል። ኳርትዝ የተመረጠው ተራ መስታወት 254 ናኖሜትርን ስለማያሳልፍ ነው። ለዓይን ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው፤ ለዚህ ብርሃን ግን አንዱ መስኮት፣ ሌላው ግድግዳ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ ዓይናችን ለዚህ ሥራ ዳኛ መሆን አይችልም። አምፖሉ ጫፍ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ብርሃን ሜርኩሪው ከዩቪው ጋር አብሮ የሚያወጣው ሌላ ብርሃን ነው። የሚያመክነውን 254 ማንም አያየውም። አምፖሉ ደምቆ እየበራ፣ ቱቦውም ንጹሕ መስሎ እየታየ፣ ውሃው ጋ የሚደርሰው ዩቪ ግማሽ ሊሆን ይችላል።

በቁጥር እንየው። ከቱቦው እስከ ቀፎው ግድግዳ 2 ሴንቲሜትር ነው እንበል፤ ብርሃኑ በርቀት መሳሳቱን ለጊዜው እንተወው። በየሴንቲሜትሩ 95 በመቶ የሚያሳልፍ ውሃ ከሆነ ግድግዳው ጋ 90 በመቶው ይደርሳል። በየሴንቲሜትሩ 75 በመቶ ብቻ የሚያሳልፍ ውሃ ከሆነ 56 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ላይ ቱቦው ላይ የተጋገረው ቅርፊት 30 በመቶ ቢያግድ 39 በመቶ ይቀራል። ጀርሙ ደግሞ ግድግዳውን ተጠግቶም ያልፋል፤ ብርሃን ወደበረታበት ቦታ አይመርጥም።

ቅርፊቱ ለምን ኳርትዙን ይመርጣል? ካልሲየም ካርቦኔት ከብዙዎቹ ጨዎች በተቃራኒ ውሃ ሲሞቅ መሟሟቱ ይቀንሳል። በቀፎው ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚሞቀው የቱቦው ገጽ ነው። ሌሊት ውሃ ሳይቀዳ አምፖሉ ሲበራ ያድራል፣ የቆመው ውሃ ይሞቃል፣ ነጩ ቅርፊት በውሃ ማፍያ ታች እንደሚጋገረው ቱቦው ላይ ይጋገራል። ጠዋት መጀመሪያ የሚቀዳው ውሃ ለብ ያለ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቱቦውን ስታወጡ ቀለሙን ተመልከቱ። ነጭና ሻካራ ከሆነ ካልሲየም ነው። የዝገት መልክ ያለው ብረት ነው፤ ይህ ከነጩ ይከፋል፣ ስስ ሆኖ ገና ለዓይን ሳይጎላ ብዙ ዩቪ ይውጣልና። ጥቁር ከሆነ ማንጋኒዝ ነው። የሚያሟልጭ ነገር ከሆነ የባክቴሪያ ሽፋን ነው፤ እሱ ከታየ ፊልተሮቹንና ቧንቧዎቹንም በክሎሪን ማጽዳት ግድ ይላል።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ንቀሉ፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። የበራ አምፖል ከቀፎው ውጭ ዓይንንም ቆዳንም ያቃጥላል፣ ሕመሙ የሚሰማው ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ነው። 10 ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ። መግቢያውን ዝጉ፣ ከመሣሪያው በኋላ ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አስተንፍሱ። አምፖሉን ጫፉ ላይ ካለው ሴራሚክ ወይም ፕላስቲክ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ መስታወቱን በባዶ እጅ አትንኩ፣ የጣት ቅባት በሙቀት ይጋገርበታል። ጫፍ ላይ ያለውን ነት ፍቱ፣ ቱቦውን ቀስ አድርጋችሁ እያወዛወዛችሁ አውጡ። ከተጣበቀ አትታገሉት፤ ኳርትዝ ይሰበራል፣ ስብርባሪውም ቀፎው ውስጥ ይቀራል። ቱቦውን ጫፉ ላይ የሚያሽገው ጎሚኒ ላይ ለብ ያለ ውሃ አፍስሱና ጠብቁ።

ለማጠቢያ በ1 ሊትር ለብ ባለ ውሃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጡ። የቱቦውን ውጫዊ ክፍል ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ክር በማይጥል ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። አቼቶም ይሠራል፣ ግን ለነጩ ቅርፊት እንጂ ለብረቱ ደካማ ነው፤ ሲትሪክ አሲድ ብረቱን ይዞት ስለሚወጣ እኔ ሌላ አልጠቀምም። የብረት ሽቦ፣ የዕቃ ማጠቢያ ዱቄትና ሻካራ ስፖንጅ ፈጽሞ አታስጠጉ፤ ጭረት የሚቀጥለው ቅርፊት መያዣ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አሲዱንና በረኪናን አንድ ላይ አታገናኙ፣ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሁለቱንም በአንድ ቀን የምትጠቀሙ ከሆነ በመካከል በብዙ ውሃ አለቅልቁ።

ሲመለስ የሚፈጠረው ጥፋት ሲወጣ ከሚፈጠረው ይበልጣል። አሮጌውን ጎሚኒ መልሶ መጠቀም የመጀመሪያው ነው፤ በሙቀቱና በዩቪው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቱቦው በወጣ ቁጥር አዲስ አድርጉለት፣ ለምግብ ዕቃ የተፈቀደ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ቀቡት። ነቱን በእጅ አጥብቁ፤ በቁልፍ መወጠር ያፈሳል ብሎ ከመስጋት ይመጣል፣ ውጤቱ ግን የተሰነጠቀ ኳርትዝ ነው። ቀጥሎ ያለው አምፖሉን ለማስገባት መቸኮል ነው። መጀመሪያ ውሃውን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ በቱቦው ውስጥ አንዲት ጠብታ እንኳ አለመግባቷን አረጋግጡ። የቱቦው ውስጥ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። ከዚያ አምፖሉን በአልኮል ጠርጋችሁ አስገቡ፣ ኤሌክትሪኩ በመጨረሻ ይሰካ።

በስንት ጊዜ ለሚለው የቀን መቁጠሪያ አልከተልም። በመጀመሪያው ወር አውጥታችሁ እዩት፤ ጨርቁ ላይ ምንም ካልወጣ ወደ ሦስት ወር አርዝሙት፣ ከወጣ በየወሩ ቀጥሉ። መሣሪያው የብርታት መለኪያ ካለው ንባቡን በየሳምንቱ ደብተር ላይ ጻፉ። ይህ ደብተር ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል። ንባቡ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ከወረደ ቱቦው ነው። በአንድ ቀን ከወረደ ውሃው ደፍርሷል፣ ወይም አምፖሉ አለዚያም ባላስቱ (ለአምፖሉ ኤሌክትሪኩን የሚመጥነው ዕቃ) ችግር አለበት። ቱቦው ታጥቦም ወደ ቀድሞው ካልተመለሰ አምፖሉ አርጅቷል። አንድ ማሳሰቢያ፦ የመለኪያው የራሱ መስኮትም ኳርትዝ ነው፣ እሱም ቅርፊት ይይዛል፤ አብራችሁ ጥረጉት።

መለኪያ የሌለው መሣሪያ ካላችሁ አምፖሉን በ9,000 ሰዓት፣ ማለትም በዓመት አንዴ ለውጡ። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። «ገና ይበራልኮ» የሚለው ክርክር ለዚህ ቦታ የለውም። የተነሣው አምፖል ሜርኩሪ ስላለው ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣል።

ማታ እናጥፋው? ብዙ ጓደኞች የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ ቅርፊቱንም ይቀንሳል። የእኔ አቋም አታጥፉ ነው። አምፖሉ ሙሉ ብርታቱን እስኪያገኝ ደቂቃዎች ይፈልጋል፣ በዚያ መካከል አንድ ብርጭቆ ቢቀዳ ያልታከመ ውሃ ወደ ቧንቧው አልፏል፤ ማብራት ማጥፋቱም ዕድሜውን ያሳጥራል። 40 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ቢበራ 1 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ መብራት ሲጠፋ ውሃውንም የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ያስፈልጋል። ያለ እሱ፣ ጨለማ በሆነ ቁጥር መሣሪያው ተራ ቧንቧ ነው።

ያልታከመ ውሃ አንዴ ካለፈ የሚያሳስበው ዩቪ ከኋላው የሚተወው ጥበቃ ስለሌለ ነው። ክሎሪን በውሃው ውስጥ ይቆያል፣ ዩቪ ግን ከቀፎው ሲወጣ አበቃ። ስለዚህ በተከላው ቀን፣ እንዲሁም ፊልተር በተቀየረ ወይም መብራት በጠፋ ቁጥር ከመሣሪያው በኋላ ያለውን መስመር በበረኪና አጽዱ፦ የፊልተሩን ካርትሪጅ አውጥታችሁ ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና በካርትሪጁ መያዣ ውስጥ አፍስሱ፣ አምፖሉ እንደበራ እያንዳንዱን ቧንቧ የክሎሪኑ ሽታ እስኪመጣ ክፈቱ፣ ዝጉና 30 ደቂቃ አቆዩ፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ አፍስሱ። የታከመውን ውሃ አፈ ጠባብ ክዳን ባለው ዕቃ ያዙ፣ ከብርሃንም አርቁት፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በሚታይ ብርሃን የተጎዳ ዲኤንኤያቸውን ይጠግናሉ።

አሁን የቀረው ሥራ የሌሊቱ ሙቀት ነው። ካልሲየሙን ከፊት በጨው በሚታደስ ማለስለሻ ማውጣት ትክክለኛው መፍትሔ እንደሆነ አምናለሁ፣ ግን ቦታና ክትትል ይፈልጋል። እስከዚያው ከመሣሪያው በኋላ ሰዓት ቆጣሪ ያለው ትንሽ ቫልቭ ተገጥሞ፣ ሌሊት በየአራት ሰዓቱ የቀፎውን ይዘት ያህል፣ 2 ሊትር ገደማ፣ ወደ ባልዲ እንዲለቅ ተደርጓል። ጠዋት የሚቀዳው ውሃ ለብ ማለቱን ትቷል፤ የተጠራቀመው ለልብስ ማጠቢያ ይውላል። ቅርፊቱን በእርግጥ ማዘግየቱን የሚያሳየው ግን ቱቦው በሚቀጥለው ወር ሲወጣ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ነው።